የታጠበ ቆሻሻ

ሳልዋሽ ልናገር፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ስፈበርክ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ። አዎ፣ ቆሻሻ። ሰው እንዴት አድርጌ ልገላገለው እያለ የሚጨነቅበትን ነገር እኔ ከየትም ከየትም ለቃቅሜ ፌስታል ስሞላ ነው የኖርኩት። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔም አንዳንዴ ብቻዬን ስቄበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ቆሻሻ ሰብሳቢዋ የሕንፃችንን ደረጃ ትወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ፌስታሉን ቋጥሮ የበሩ እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ እሷ እያነሳች ትልቁ ጆንያዋ ውስጥ እየከተተች ታልፋለች። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ በረንዳዬ ወደ መንገዱ ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው። ብቻዋን የምትኖር ሴት በሦስት ቀን ውስጥ ምን ቆሻሻ ይወጣታል? የሁለት ሽንኩርት ልጣጭ፣ የሻይ ዝቃጭ፣ በዛ ቢባል የእንቁላል ቅርፊት። እና እፍኝ የማይሞላ ነገር አንጠልጥዬ በር ከፍቼ «ውሰጂልኝ» ልላት ነው? ስለዚህ እሞላለሁ። አሮጌ ጋዜጣ ጨማድጄ ከሥር አደርጋለሁ፤ ባዶ ቆርቆሮ እጨምራለሁ፤ ነጠላዋን የቀረች ካልሲ ከላይ ጣል አደርግበታለሁ። አንድ ክረምት ደህናውን ትራስ ተርትሬ ጥጡን በሦስት ዙር አስወስጄዋለሁ። ትራሱ ምንም አልሆነም ነበር።

የምሞላው እሷን ለማየት ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት። ቢጫ የሥራ ጃኬት ስለምትለብስ በልቤ ባለ ቢጫዋ እላታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ልጄ ነው የምላት። እግሯ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ይሰማኛል፤ ፌስታሌን ይዤ ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ፤ ልክ አጠገቤ ስትደርስ ብርግድ አድርጌ እከፍትና «አንቺ! ልሰቅለው ስል ደረስሽ!» እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልሰቅለው ስል ነው የምትደርሰው።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ደረጃው አልገደለሽም?»

«ለምጄዋለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ብርዱ።»

«አዎ፣ ብርዱ።»

ትቀበለኛለች፣ ትሄዳለች። በቃ። ሁለት ደቂቃ ከሞላ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስ አፌን የምከፍተው ለሻይና ለዳቦ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ብል የአሮጊት ወሬ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። እዚሁ ቤት ውስጥ ሰባት ነፍስ ነበርን፤ እኔ፣ ባሌ፣ እናቱና አራት ልጆች። ሰባት ሰው! እና የሳምንት ቆሻሻችን አንዲት የቆርቆሮ ባልዲ አይሞላም። ፌስታል የሚባል ነገር ማን ያውቃል? ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ዘንቢል ተሰቅሏል፤ ገበያ የሚሄድ ይዞት ይሄዳል፣ ሲመለስ መልሶ ይሰቅለዋል። ዘይት የሚገዛ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚሄደው። ጠርሙሱን የሰበረ ልጅ አማቴ ፊት መቆም አለበት፤ እሷ ፊት ከመቆም ደግሞ ከቤት መጥፋት ይሻላል። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ስኳሩ ሲገለበጥ ባሌ ጋዜጣውን በመዳፉ አስተካክሎ ያነባል፤ የስኳር ዜና እንለው ነበር። ዜናው ሁልጊዜ የሦስት ወር ነው፤ ግማሹም ተቀዶ በሌላ ሰው ስኳር ሄዷል። «አሁን ይሄ ሰውዬ ተሾመ ነው ወይስ ተሻረ?» እያለ ይበሳጫል። እሱ ሲጨርስ እኔ መስታወት እወለውልበታለሁ።

የድንቹ ልጣጭ ምድር ቤት ለምትኖረው ባለ ዶሮ ሴትዮ ይሄዳል። ሴትዮዋ እንቁላል ልትሸጥልን ስትመጣ አማቴ «ግማሹ የእኛው ድንች ነው» ብላ ታሳፍራታለች። ሸሚዝ ሲያረጅ መወልወያ ይሆናል፤ መወልወያው ሲያረጅ የጫማ መጥረጊያ ይሆናል፤ ባልዲውን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ባልዲ ውስጥ የሚገባውም ታጥቦ ነው። «ቆሻሻ ነው ተብሎ ሰው ፊት ቆሽሾ አይወጣም» ትላለች አማቴ። ሥራ ፈትታ ነው እያልኩ በሆዴ እስቅባት ነበር። አሁን እኔ ራሴ የምጥለውን ቆርቆሮ በሳሙና ሳጥብ እገኛለሁ።

አማቴ ቀድማ ሄደች፣ ባሌ ተከተላት። ልጆቹ አደጉና እንደ ልጅ ወጉ ወጡ፤ አንዱ ሌላ ከተማ፣ አንዱ ከዚያ ወዲያ። የመጨረሻው ልጄ እሑድ እሑድ ይደውላል። «እማዬ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ምን ጎደለሽ?» «ምን ይጎድለኛል?» ያ ነው። አንድ ጊዜ ሊያየኝ መጥቶ የወጥ ቤቱን ሣጥን ቢከፍት የታጨቀው ፌስታል ተንሸራቶ እግሩ ላይ ፈሰሰ። «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ፌስታል ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። «ሥራ አለው» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? አሁን ቲማቲምና ሽንኩርት ልግዛ ብል ቲማቲሙ በአንድ ፌስታል፣ ሽንኩርቱ በሌላ፣ ሁለቱ ተደርበው በሦስተኛ ነው የሚሰጡኝ። ዘንቢሌን ስዘረጋ የሱቋ ልጅ «እናቴ፣ እሱን ለጌጥ ያስቀምጡት» ትለኛለች። ፌስታሉን እቀበላታለሁ፤ ለማክሰኞ ይሆነኛላ።

አንድ የሚያቃጥለኝ ሰው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዓይናቸው የደከመ፣ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ የሚያስጮኹ ሽማግሌ አሉ፤ ባለ ራዲዮው እንላቸዋለን። እኚህ ሰውዬ አንድም ቀን ፌስታላቸውን በር ላይ ሰቅለው አያውቁም። ዝርክርክ! ባለ ቢጫዋ ግን እሳቸው ጋ ስትደርስ ታንኳኳለች፣ ትገባለች፣ ትቆያለች። ሳቋ በደረጃው ወደ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ሰዓት አይቼ ያዝኩላት፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። እኔ ጋ ሁለት፣ እሳቸው ጋ አሥራ ሁለት! እኔ ነኝ እንግዲህ ቆሻሻዬን አጥቤ፣ ቋጥሬ፣ እንደ ወታደር በር ላይ ቆሜ የምጠብቃት። ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው። በዚህ ዕድሜዬ በቆሻሻ ቀናሁ።

እንዲህ ስንል አንድ ሰኞ ዘበኛው በየፎቁ ወረቀት ለጠፈ። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። ከመጪው ወር ጀምሮ ቤት ለቤት መሰብሰብ ይቀራል፤ ነዋሪው ቆሻሻውን ራሱ አውርዶ ግቢ ውስጥ በሚቀመጠው ትልቅ ገንዳ ይጥላል ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ሥልጣኔ ነው እማማ! ገንዳው ጎማ አለው፣ ክዳን አለው። በእግር ሲረግጡት ብድግ ይላል።»

«እኔ ነኝ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ወርጄ የምረግጠው?»

«ለእርስዎማ እኔ አወርድልዎት የለ? ያቺ እፍኝ የምታክል ነገር ምን አላት?»

እፍኝ አለኝ! እንዴት እንዳወቀ እሱ ይወቅ። «አንተ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ» አልኩት። «ልጅቷስ?»

«የቷ?»

«የምትሰበስበዋ።»

«እ፣ እሷማ ወደ ሌላ መስመር ተመድባለች» ብሎ ሙጫውን ይዞ ወረደ።

ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አራት ጊዜ ቀርቶኛል፤ ሁለት ማክሰኞ፣ ሁለት ዓርብ። ከነዚህ በአንዱ ቀን አንዲት ነገር ልላት ይገባል፤ «ሥራሽ ቢቀየርም አልፎ አልፎ ብቅ በይ፣ ሰው የለኝም» ልላት ይገባል። ይህችን ካላልኳት በቃ፣ በዚህ በር የሚመጣ ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ በር ከፈትኩ። «ዛሬ ፀሐይ ነው» አልኳት። «አዎ፣ ፀሐይ ነው» አለችና ሄደች። ዓርብ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አልኳት። የአየር ትንበያ ሆንኩ እኮ! ሰው የለኝም ማለት ለእኔ ልብስ አውልቆ ደረጃ ላይ እንደመቆም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ስፌት ክፍል አንሶላ ስቀመቅም፣ ጋውን ስሰፋ፣ አራት ልጅ ሳሳድግ ማንንም ተለማምጬ አላውቅም። አሁን ከየት ይምጣልኝ?

አፌ እንቢ ካለ እጄ ይናገር ብዬ ወሰንኩ። የባሌ የሥራ ካፖርት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አናጺ ነበር፤ ካፖርቱ ወፍራም ካኪ ነው፣ ደረቱ ላይ የእርሳስ ኪስ አለው፣ ብትነቀንቀው እስካሁን የእንጨት ዱቄት ያወጣል። ከረጢት ላደርግላት ነው፤ ትከሻ ላይ የሚነገት፣ እድሜ ልክ የማይቀደድ። መቀሱን ሳሳርፍበት አለቀስኩ። «ይቅር በለኝ፣ አንተ እንደሁ አትለብሰው» አልኩት። ማንገቻውን ድርብ አደረግኩት፣ ሥሩን ድርብ አደረግኩት፣ የእርሳስ ኪሱን ከነስፌቱ ውስጥ በኩል አስቀረሁት። ከዓርብ እስከ ሰኞ ፈጀብኝ፤ ግማሹ ጊዜ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳስገባ ያለቀ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አቧራ እንዳይነካው ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ቤቴ ውስጥ ሌላ መጠቅለያ የለም እኮ፤ ያለው ፌስታል ነው። ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። «ይሄ ለአንቺ ነው» እላታለሁ፣ የቀረውን ከረጢቱ ይናገርልኛል። እግሯ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። ተንኳኳ። ተከፈተ። ከዚያ ሳቅ። አምስት ደቂቃ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ቆምኩ፤ እነሱ እቴ! ደሜ ፈላ። እኔ የሟች ባሌን ካፖርት ቀድጄ እዚህ ተገትሬያለሁ፣ እሷ እዚያ ታሽካካለች! በሩን ከፍቼ ፌስታሉን እጀታው ላይ ሰቀልኩና ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ራሷ ታግኘው። ስታየው ትደነግጣለች፣ ታንኳኳለች፤ ያን ጊዜ እኔ ደግሞ እኮራለሁ።

ዓይኔን የበሩ ቀዳዳ ላይ ለጠፍኩ። መጣች። ፌስታሉን አነሳች። አላየችውም! ለምንስ ታየዋለች? ከዚያች እጀታ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቆሻሻ በቀር የወሰደችው የለም። ጆንያዋ ውስጥ ወረወረችውና ደረጃውን መውረድ ጀመረች። «ቆዪ» ማለት አቃተኝ። ማመን ያቃተው አይመን።

በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። ጆንያውን ጋሪው ላይ ጭና ስትገፋ አየሁ። የባሌ ካፖርት ከሰው ድንች ልጣጭ ጋር ሄደ። ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ለቅሶው ሲወጣልኝ ተናደድኩ፤ በእሷም፣ በባለ ራዲዮውም፣ በገንዳውም፣ ገንዳውን ባመጣውም። ራሴን መስደብ ስለከበደኝ ሌላውን ሁሉ ሰደብኩ።

የመጨረሻዋ ዓርብ መጣች። ምንም አልሞላሁም፣ ምንም አልሰቀልኩም፣ በር ጀርባም አልቆምኩም። አኮረፍኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ። እግሯ ሲወጣ ሰማሁ። በሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ተንኳኳ።

አልተነሳሁም።

እንደገና ተንኳኳ። ከዚያማ ማንኳኳት አይባልም፣ በሩን ትደበድበው ጀመር። «እማማ! እማማ! አሉ? እማማ በሞቴ ይክፈቱ!»

ድምጿ አስደነገጠኝና ተንደርድሬ ከፈትኩ። ገፍታኝ ገባች። ጓንቷን አውልቃ ግንባሬን ዳሰሰች፣ እጄን ያዘች፣ እግሬን አየች። ስድስት ዓመት ደፌን ያልረገጠች ልጅ ወጥ ቤቴ መሃል ቆማ ታለከልካለች።

«ምን ሆነው ነው? ወድቀው ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ፌስታልዎ የታለ?»

«የለም። ዛሬ ቆሻሻ የለኝም።»

«ኧረ ልቤን አቆሙት!» ብላ ወንበሬ ላይ ዘጭ አለች። «እርስዎ ቆሻሻ የሌለዎት ቀን አይቼ አላውቅማ!»

«ባይኖረኝስ? ምን ያስደነግጣል?»

ላቧን ጠረገች። «ሌላ ሕንፃ ላይ አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰውዬ ነበሩ» አለች። «ሁለት ሳምንት በራቸው ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ደግሞ ጎሽ፣ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ አልፋለሁ። ለካ ሰውዬው ውስጥ ወድቀው...» ሳትጨርሰው ተወችው። «ከዚያ ወዲህ ደንብ አደረግኩት። ፌስታሉ ካለ ባለቤቱ ደህና ነው፣ አንስቼ አልፋለሁ። ከሌለ አንኳኩቼ እገባለሁ፣ አያለሁ፣ ትንሽ አጫውቼ እወጣለሁ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ያሉትስ?» አልኳት፤ ድምፄ ቀጠነ።

«እሳቸው መቼ ሰቅለው ያውቃሉ! ሁልጊዜ እገባለሁ፣ ያሾፉብኛል፣ እስቃለሁ። እርስዎ ግን ይባረኩ፤ አንድም ቀን አሳስበውኝ አያውቁም።»

ምን ልበል? ስድስት ዓመት! ጋዜጣ ስጨማድድ፣ ቆርቆሮ ስፈትግ፣ ደህና ትራስ ስተረትር! ለካ በገዛ እጄ «ደህና ነኝ፣ እለፊ» የሚል ምልክት እየሰጠሁ ሳባርራት ነው የኖርኩት። ያ ዝርክርክ ያልኩት ሽማግሌ ምንም ሳይለፋ ሰው ሲገባለት፣ እኔ ደክሜ፣ አጥቤ፣ ቋጥሬ ሰው እመልሳለሁ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ያን ጊዜ ነው ትከሻዋን ያየሁት። ካኪ ከረጢት አንግታለች።

«ይሄን ከየት አገኘሽው?»

«ከእርስዎው ቆሻሻ ነዋ!» አለች በፈገግታ። «የእርስዎን ፌስታል ሁልጊዜ ለብቻው ነው የምፈታው። የታጠበ ቆርቆሮ፣ የታጠበ ጠርሙስ፤ ሰው እንዴት ቆሻሻ ያጥባል እያልኩ እገረማለሁ። ግን ይሄን የመሰለ ከረጢት ምን ብለው ጣሉት? እንዴት ያለ ስፌት ነው! ምሳዬን የምይዝበት እሱ ሆኗል።»

ተናገሪ አልኩት ራሴን። አሁን ካልተናገርሽ መቼም አትናገሪም።

«አርጅቶ ነው» አልኩ።

አይ እኔ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

እሷ ግን ብልህ ናት፤ ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየችው። አንዷን ወንበር፣ አንዷን ሳህን፣ ማድረቂያው ላይ የተደፋችውን አንዷን ብርጭቆ አየች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ዘንቢል አነሳችና ወደ በረንዳው ወጣች።

«አዲሱ መስመሬ በዚህ በታች በኩል ነው የሚያልፈው» አለችኝ። «ግቢ አልገባም እንጂ መንገዱ ያው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይሄን እዚህ ብረቱ ላይ ይስቀሉልኝ። ካየሁት ደህና ነዎት ብዬ አልፋለሁ። ካላየሁት ጋሪዬን አቁሜ እወጣለሁ።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ግን አደራ እማማ! አራት ፎቅ ነው፣ ተቆጣጣሪውም ክፉ ነው። በከንቱ እንዳያስወጡኝ።»

«ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?» አልኳት።

አሥራ አንድ ሳምንት ሰቀልኩ። ጋሪው ከጥጉ ሲዞር የጎማው ጩኸት ይሰማኛል። ቀና ትላለች፣ ዘንቢሉን ታያለች፣ እጇን ታነሳለች። እኔም አነሳለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ፊት አይለይም፤ ቢጫው ብቻ ነው የሚታየው። ታልፋለች። ድሮ ሁለት ደቂቃ አነሰኝ ብዬ የማማርር ሴትዮ አሁን ያቺው ሁለት ደቂቃም ናፈቀችኝ። ቆሻሻ መፈብረኩ ቀርቷል፤ ያቺን እፍኝ ዘበኛው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይወስዳታል። ጋዜጣ መጨማደድ የለ፣ ቆርቆሮ መምረጥ የለ፣ ቀኑ አልገፋ አለኝ። አንድ ረቡዕ የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ የሱቋን ልጅ በቲማቲም ሰበብ ተጣላኋት። ቲማቲሙ ምንም አልነበረበትም።

ዘንቢሉን ስሰቅል በእያንዳንዱ ቀን «ዛሬ ባልሰቅለውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። በእያንዳንዱ ቀን እሰቅለዋለሁ። ስድስት ዓመት ያታለልኳት ይበቃል ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጄ አልደወለም። ሰኞም አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ነው፤ ኋላ መልእክት ልኳል። ማክሰኞ ሰቀልኩ። ረቡዕና ሐሙስ ማንም በስሜም፣ በእናትነትም፣ በምንም አልጠራኝም። ዓርብ ጠዋት ዘንቢሉን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ጎማው ከጥጉ ጮኸ። ብረቱ አጠገቤ ነው፣ ክንዴን መዘርጋት ብቻ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዘንቢሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ጋሪው ቆመ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሩጫ ተሰማ፤ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ፤ አልቆመችም። ሦስተኛ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው፤ ደስታውም አብሮ። ሳታንኳኳ ከፈትኩላት።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

«ወደቁ? ታመሙ?»

«አልታመምኩም።»

ዓይኗ እቅፌ ውስጥ ያለው ዘንቢል ላይ አረፈ። ፊቷ ተለዋወጠ። «እማማ፣ ጋሪዬን መንገድ መሃል ጥዬ ነው እኮ የመጣሁት። አደራ ብዬዎት አልነበር?»

«ሰው ናፈቀኝ» አልኳት።

ከወጣ በኋላ ማን ያቁመው? «ሰው ናፈቀኝ። ከረጢቱንም አልጣልኩትም፤ ለአንቺ ነው የሰፋሁት፣ የባሌ ካፖርት ነው። ያ ሁሉ ቆሻሻም ቆሻሻ አልነበረም፤ አንቺን ላይ ብዬ የምሞላው ነው። ደህና ናቸው እያልሽ አትለፊኝ። ጉልበቴ እንደ ነገሩ ነው፣ ደሜም ደህና ነው፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም።»

ከረጢቱን ከትከሻዋ አውርዳ ውስጡን ገለጠችና የእርሳስ ኪሱን በጣቷ ነካችው። «የእንጨት ዱቄት ነበረበት» አለች በቀስታ። «ከምን መጣ እያልኩ ሳስብ ነበር።»

ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። «ስድስት ዓመት!» አለች። «ሰው ናፈቀኝ ለማለት ስድስት ዓመት!» የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ግን ዓይኗ እርጥብ ነው። «በሉ ይቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ።»

እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ከከረጢቱ ሁለት ሙዝ አወጣችና አንዱን ሰጠችኝ። ምሳሽ ነው ብላት አልሰማ አለች። ሁለት ሴት ልጆች እንዳሏት የነገረችኝ ያን ቀን ነው፤ ትንሿ ፌስታል በራሷ ላይ ደፍታ ዘውድ ነው እያለች ታስቸግራታለች አሉ። ስድስት ዓመት ሳያት ልጆች እንዳሏት አላውቅም፤ ሳወራት የኖርኩት ስለ ብርድ ነዋ። ሳቅን። ሳቃችን በደረጃው ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ሳይሰማ አይቀርም፤ ይሰማ።

ከታች የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ጋሪው መንገድ ዘግቶ ነው። ብድግ አለች። «ማክሰኞ ይስቀሉት» አለችኝ ከበሩ። «የእውነቴን ነው እማማ፤ ከሥራ ያስወጡኛል።»

«እሰቅለዋለሁ» አልኳት፤ አምናኝ ወረደች። እኔም ከእንግዲህ አላታልላትም።

በረንዳ ላይ ቆሜ ቢጫው ከጥጉ እስኪዞር አየሁ። ቤቱ ወዲያው እንደ ድሮው ሆነ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት የሙዝ ልጣጭ ነበር። አንደኛው የእኔ ነው፣ አንደኛው የእሷ። አማቴ ብትኖር ታጥባቸው ነበር፤ እኔ አላጠብኳቸውም። ፌስታል ውስጥ ጨምሬ ሌላ ምንም ሳልጨምርበት ቋጠርኩት።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጣ። «እማማ፣ ያቺን እፍኝ ነገርዎን ልውሰዳት?» አለኝ እንደ ልማዱ።

«ያዝ» አልኩት። «ዛሬ እንኳ የሁለት ሰው ነው።»